የሜዳ መኝታ አጎበር

የሜዳ መኝታ አጎበር ከቤት ውጭ፣ ግድግዳና ጣሪያ በሌለበት ቦታ የሚተኛ ሰው ከወባ ትንኝ፣ ከአሸዋ ዝንብና ከሌሎች ነካሽ ነፍሳት ለመከላከል በመኝታው ዙሪያ የሚሰቅለው የመረብ ጨርቅ ነው። በኢትዮጵያ አጎበር በብዛት የሚታወቀው በቤት ውስጥ ከአልጋ በላይ ተሰቅሎ ነው። ነገር ግን በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ በሰሊጥ እርሻ የሚሠሩ ወቅታዊ ሠራተኞች አብዛኛውን ሌሊት የሚያሳልፉት በሜዳ፣ በዳስ ወይም በሸራ ሥር ነው። ለቤት ተብሎ የተሰፋ አጎበር በእንዲህ ያለ ቦታ እንዲያገለግል መስቀያው፣ ጠርዙና የመኝታው ወለል መስተካከል አለባቸው። ማስተካከያው በአንድ የስፌት መኪና ወይም በእጅ መርፌ ሊሠራ ይችላል።

አካባቢው

የምዕራብ ጎንደር ዞን በአማራ ክልል ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ከሱዳን ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ይገኛል። የዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ነው። የድንበሩ ከተማ መተማ ዮሐንስ ሲሆን ከማዶው የሱዳን ከተማ ጋላባት ነው። አካባቢው ሞቃት ቆላ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ዝናቡ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል።

ዋናዎቹ ሰብሎች ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ናቸው። ሰሊጥ በክረምት ይታረማል፤ ፍሬው ከመርገፉ በፊት መታጨድ ስላለበት ደግሞ የአጨዳው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋና ከወይና ደጋ ወረዳዎች ብዙ ሠራተኞች ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ሠራተኞቹ እርሻው ውስጥ በሚቋቋም ካምፕ ያድራሉ። ካምፑ ብዙ ጊዜ በእንጨትና በሣር የተሠራ ዳስ ወይም የተወጠረ ሸራ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ብዙዎች ከዳሱ ወጥተው ንፋስ በሚያገኙበት ሜዳ ላይ ይተኛሉ። የቤት ግድግዳ ላይ በሚረጭ ኬሚካል የሚደረገው የወባ መከላከል ሥራ ግድግዳ ለሌለው ሰው ስለማይጠቅም፣ ለእነዚህ ሠራተኞች አጎበር ከቀሩት ጥቂት መከላከያዎች አንዱ ነው።

የሚከላከላቸው በሽታዎች

ወባ

በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ትባላለች። የምትናከሰው ሴቷ ብቻ ናት። ይህች ትንኝ ከቤት ውስጥ በተጨማሪ ከቤት ውጭም ትናከሳለች፤ ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት ባለው የምሽት ሰዓትም ትንቀሳቀሳለች። ወባ በብዙ የኢትዮጵያ ቆላዎች በብዛት የሚታየው ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ይህም ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ይገጣጠማል። ከደጋ የሚመጣ ሠራተኛ ለበሽታው በተደጋጋሚ ያልተጋለጠ በመሆኑ የመከላከል አቅሙ አነስተኛ ነው።

ካላዛር

ካላዛር ወይም የውስጥ ደዌ ሌሽማንያሲስ ሌሽማንያ ዶኖቫኒ በተባለ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ በሽታ ነው። ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ ክብደት መቀነስና የደም ማነስ ናቸው። ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ (ሳንድፍላይ) የሚባል ትንሽ ነፍሳት ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላና በምሥራቅ ሱዳን ዋናው አስተላላፊ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለው ዝርያ ነው።

ይህ ዝርያ የሚገኘው ግራርና በደኖ በሚበቅልበት፣ ጥቁር መረሬ ወይም ዋልካ አፈር ባለበት መሬት ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለዝንቡ ከፀሐይ መጠለያ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በቃፍታ ሁመራ የተካሄደ ጥናት በሌሊት ከግራር ዛፍ ሥር መተኛትን በካላዛር ከመያዝ ጋር አያይዞታል። በቀን ለዕረፍት የተመረጠው ጥላ በሌሊት ጥሩ መኝታ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በካላዛር የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታመመው ከተነከሰ ከ2 እስከ 6 ወር በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠራተኞች በሽታው የሚጀምራቸው ወደ ትውልድ ወረዳቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የተከሰተው ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ታይቶ ነበር። ካላዛር መሆኑ የታወቀው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ መነሻውም ወደ ሁመራና መተማ ለሥራ ከሚመላለሱ ሰዎች ጋር ተያይዟል።

ታሪክ

መረብን ለመኝታ መጠቀም ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል፣ በግብፅ ረግረጋማ ቦታ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ቀን ዓሣ ያጠመዱበትን መረብ ሌሊት በመኝታቸው ዙሪያ ይሰቅሉት እንደነበር ጽፏል። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ ግን የታወቀው ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ ባደረገው ምርምር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በሞቃት ደኖች ለሚዋጉ ወታደሮቹ «የጫካ ሃሞክ» የተባለ መኝታ አሰፍቷል። ሃሞክ በሁለት ዛፎች ወይም ምሰሶዎች መካከል የሚወጠር ተንጠልጣይ መኝታ ነው። የጫካው ሃሞክ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ፣ በጎኑ የመረብ ግድግዳና መግቢያ ዚፕ ነበረው። መኝታውን፣ መረቡንና ጣሪያውን በአንድ ላይ የመስፋት ሐሳብ ዛሬም ለጉዞ በሚሠሩ ሃሞኮች ይታያል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጎበርን በፀረ ነፍሳት ኬሚካል መንከር ተጀመረ። የተነከረው አጎበር ግን በየጊዜው እንደገና መነከር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ድርጅት ኬሚካሉ በክሩ ውስጥ የተቀላቀለበትን የመጀመሪያውን ዘላቂ አጎበር እንዲሠራበት መከረ። በኢትዮጵያም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘላቂ አጎበር በሚሊዮን በሚቆጠር መጠን ተሠራጭቷል።

ለመተማ ቆላ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከድንበሩ ማዶ ይገኛል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ እስከ 2001 መጀመሪያ ድረስ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ለሚገኙ 155 መንደሮች 357,000 ኬሚካል የተነከረ፣ ቀዳዳው ጠባብ አጎበር አከፋፈለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ግምገማ እንዳመለከተው፣ ከሥርጭቱ ከ17 እስከ 20 ወር በኋላ የካላዛር ታማሚዎች ቁጥር በ59 በመቶ ቀንሷል። በቬትናም መካከለኛ ክፍል በደን ውስጥ ለሚሠሩና ለሚያድሩ ሰዎች ደግሞ ፀረ ነፍሳት መረብ ያለው ሃሞክ ተሰጥቶ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ሃሞኩ በታደለባቸው መንደሮች ወባ ካልታደለባቸው ይበልጥ መቀነሱን አሳይቷል።

የመረቡ ዓይነት

የተለመደው የወባ አጎበር በአንድ ካሬ ኢንች 156 ቀዳዳ አለው። ይህም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 24 ቀዳዳ ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ማስመሪያ መረቡ ላይ አድርጎ በ1 ሴ.ሜ. ርዝመት ያሉትን ቀዳዳዎች መቁጠር ይበቃል፤ በአግድምም በቁመትም ወደ 5 መሆን አለባቸው።

ይህ ልክ ትንኝን ያግዳል። የአሸዋ ዝንብ ግን ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ሰውነቱም ቀጭን ስለሆነ ኬሚካል በሌለው የወባ አጎበር ሊያልፍ ይችላል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ መረብ መጠቀም ነው። ይህ ግን አየር ስለሚቀንስ በቆላ ሙቀት ለመተኛት ያስቸግራል፤ የሞቀው ሰው ደግሞ አጎበሩን ገልጦ ይተኛል። ሁለተኛው መደበኛ ቀዳዳ ያለውን ነገር ግን ኬሚካል የተቀባውን ዘላቂ አጎበር መጠቀም ነው። ዝንቡ ለማለፍ ሲሞክር መረቡን ስለሚነካ ኬሚካሉ ያባርረዋል ወይም ይገድለዋል።

ዘላቂ አጎበሮች በሁለት ይከፈላሉ። ከፖሊስተር የተሠራው ለስላሳ ሲሆን ዴልታሜትሪን የመሰለ ኬሚካል በላዩ ይቀባል። ከፖሊኢትሊን የተሠራው ጠንከር ያለ ሲሆን ፐርሜትሪን የመሰለ ኬሚካል በክሩ ውስጥ ይቀላቀላል። ሁለቱም 20 ጊዜ እስኪታጠቡና እስከ 3 ዓመት ድረስ እንዲያገለግሉ ታስበው የሚሠሩ ናቸው። በሜዳ ግን ፀሐይ፣ እሾህና አቧራ ዕድሜያቸውን ያሳጥሩታል።

የቤት አጎበርን ለሜዳ ማስተካከል

ኬሚካል ያለውን አጎበር ቆርጦ እንደ አዲስ ከመስፋት ይልቅ እንዳለ ይዞ የጎደለውን መጨመር ይመረጣል። የሚጨመሩት ነገሮች ቀሚስ፣ የማዕዘን ማጠንከሪያና የመስቀያ ቀለበት ናቸው።

ቀሚስ ከአጎበሩ ግርጌ ዙሪያውን የሚሰፋ የጨርቅ መቀነት ነው። በቤት ውስጥ አጎበሩ ከፍራሽ ሥር ይወተፋል። መሬት ላይ በምንጣፍ የሚተኛ ሰው ግን የሚወተፍበት ክብደት ስለሌለው ንፋስ ጠርዙን ያነሳዋል። ቀሚሱ ከአቡጀዲ ቢሰፋ ከምንጣፉ ሥር ገብቶ ይያዛል፤ መረቡንም በመሬት ላይ ከመፈተግ ያድነዋል።

ስፋቱ 160 ሴ.ሜ.፣ ርዝመቱ 180 ሴ.ሜ.፣ ቁመቱ 150 ሴ.ሜ. የሆነ አጎበር ዙሪያው 680 ሴ.ሜ. ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጨርቅ እንዲህ ይሰላል፦

1. ወርዱ 90 ሴ.ሜ. የሆነ አቡጀዲ በቁመቱ ሦስት ቦታ ቢከፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 30 ሴ.ሜ. ወርድ ይኖረዋል።
2. ሦስቱ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ክብ ሲሆኑ ሦስት መጋጠሚያ ይፈጠራል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ 2 ሴ.ሜ. ይወስዳል፤ በድምሩ 6 ሴ.ሜ. ይሆናል።
3. ስለዚህ 686 ሴ.ሜ. ያስፈልጋል፤ ለሦስት ሲካፈል 229 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። 2 ሜትር ከ30 ሴ.ሜ. አቡጀዲ መግዛት ይበቃል።
4. የሚተርፈው 4 ሴ.ሜ. በስፌቱ ላይ በትንሽ በትንሹ ተሸብሽቦ ይያዛል።

ቀሚሱ ከመረቡ ጋር ሲሰፋ የአቡጀዲው ጠርዝ ሁለት ጊዜ ታጥፎ መረቡን በመካከሉ መያዝ አለበት። ከዚያ በሲንጀር ሁለት ጊዜ ይሰፋል፤ ሁለቱ መስመሮች ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። በእጅ ከተሰፋ የመርፌው እርምጃ ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሰፋ ያለ እርምጃ ራሱ ቀዳዳ ይሆናል። መረብ በስፌት መኪና ሥር ስለሚንሸራተት ከሥሩ ስስ ወረቀት አንጥፎ መስፋትና በኋላ ወረቀቱን መቅደድ ሥራውን ያቀላል።

የማዕዘን ማጠንከሪያ 5 በ5 ሴ.ሜ. የሆነ ድርብ አቡጀዲ ነው። በአራቱ የላይ ማዕዘኖች መረቡን ከላይና ከታች አቅፎ ይሰፋል። ከዚያ ከጠንካራ ጥብጣብ የተሠራ ቀለበት በማጠንከሪያው ላይ ይሰፋል። ቀለበቱ በቀጥታ መረቡ ላይ ከተሰፋ በመጀመሪያው ንፋስ መረቡ ይቀደዳል።

መግቢያ በር መቅደድ አይመከርም። ተጠቃሚው ቀሚሱን በአንድ በኩል አንስቶ ገብቶ መልሶ ከምንጣፉ ሥር ይወትፈዋል።

ያለ ግድግዳ መስቀል

በሜዳ አጎበሩ በሁለት መንገድ ይሰቀላል። የመጀመሪያው አራት ካስማ መትከል ነው። 180 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው እንጨት 30 ሴ.ሜ. መሬት ውስጥ ሲገባ 150 ሴ.ሜ. ከላይ ይቀራል፤ ይህም ከአጎበሩ ቁመት ጋር እኩል ስለሆነ ቀሚሱ በሙሉ ለመወተፍ ይተርፋል። ዋልካ አፈር ሲርስ ይላላልና እያንዳንዱ ካስማ ወደ ውጭ በገመድ ቢወጠር ይጠነክራል።

ሁለተኛው በሁለት ምሰሶዎች መካከል አንድ ገመድ መዘርጋት ነው። በአጎበሩ ራስጌና ግርጌ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች አግድም ታስረው ከገመዱ ይንጠለጠላሉ፤ የማዕዘን ቀለበቶቹም ከእንጨቶቹ ጫፍ ይታሰራሉ። ይህ ካምፑ በየቀኑ ለሚቀያየር ሠራተኛ ይቀላል። በሁለቱም መንገድ መረቡ ከሰውነት መራቅ አለበት፤ መረቡን ነክቶ የሚተኛ እጅ ወይም እግር ከውጭ ሊነከስ ይችላል።

በክረምት ከአጎበሩ በላይ ሸራ ይወጠራል። ሸራው አጎበሩን እንዳይነካ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ማለትና ለአየር ጎኑ ክፍት መሆን አለበት።

የመኝታው ወለል

ብዙ ሰው የሌሊት ብርድ ከላይ ይመጣል ብሎ ያስባል። በሜዳ የሚተኛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት የሚያጣው ከሥሩ ነው። ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ሰው ሲተኛበት ጨርቁ ይጨመቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ የመሬቱ ብርድና እርጥበት ወደ ሰውነት ያልፋል።

በሃሞክ የሚተኙ መንገደኞችም ይህ ችግር አለባቸው፤ በሃሞክ ሥር ቀዝቃዛ አየር ያልፋል። ለዚህ ብርድ ልብሱን ከውስጥ ከማንጠፍ ይልቅ ከሃሞኩ ውጭ ከሥሩ ሳይጨመቅ እንዲንጠለጠል ይሰፉታል። ደግሞም ትንኝ የተወጠረን ስስ ጨርቅ ከሥር ወግታ ልትነክስ ስለምትችል የሃሞኩ ወለል ድርብ ይደረጋል ወይም መረቡ ከሥርም ይዞራል።

መሬት ላይ ለሚተኛ ሰው የማይጨመቅ ነገር ያስፈልጋል። ባዶ ማዳበሪያ በደረቅ ሣር ተሞልቶ አፉ ሲሰፋ ቀላል ፍራሽ ይሆናል። ሣሩ እንዳይከማች በመካከሉ በየሁለት ስንዝሩ በመርፌ ወግቶ ማሰር ይቻላል። ከሥሩ ላስቲክ ቢነጠፍ እርጥበቱን ያግዳል። ሣሩ ከረጠበ መቀየር አለበት።

ከሁሉ የሚሻለው ከመሬት ከፍ ማለት ነው። የኢትዮጵያ የጠፍር አልጋና በሱዳን «ዐንገሬብ» የሚባለው በገመድ የተጠለፈ አልጋ ለዚህ ያገለግላሉ። አልጋው ከመሬት ከፍ ስለሚል እርጥበትና ጊንጥን ያርቃል፤ ቀሚሱንም ለመወተፍ ይመቻል።

አያያዝ

አዲስ ዘላቂ አጎበር ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ለ24 ሰዓት በጥላ ሥር ይናፈሳል። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና አይጨመርበትም፤ በጥላ ይሰጣል። ኬሚካሉ ዓሣን ስለሚጎዳ አጎበር በወንዝ ውስጥ አይታጠብም፣ እጣቢውም ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ጠዋት ጠዋት ተጠቅልሎ በከረጢት ውስጥ ቢቀመጥ ከፀሐይ ይድናል።

ትንሽ ቀዳዳ በዚያው ቀን መጠገን አለበት። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ቀዳዳ ዙሪያው በክር ተሸብሽቦ ይዘጋል፤ ትልቁ ከአሮጌ አጎበር በተቆረጠ እራፊ ይለጠፋል። መረቡ በእሳት ፈጥኖ ስለሚቃጠል ኩራዝና የምግብ ማብሰያ እሳት ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው።

ውሱንነት

አጎበር የሚከላከለው በሥሩ ያለውን ሰው ብቻ ነው። የአሸዋ ዝንብ ፀሐይ ስትጠልቅ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ በገዳሪፍም ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት መነከሳቸው የአጎበሩን ጥቅም ቀንሶታል። ከምሽት ጀምሮ ረጅም እጅጌና ሱሪ መልበስ ይህን ክፍተት በከፊል ይሸፍናል። ሌሊት ሰሊጥ ለሚያጭድ ወይም አዝመራ ለሚጠብቅ ሰውም አጎበር በቂ አይደለም።

በዚህ ምክንያት በቆላው የሠራ ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ካለበት፣ በቆላ ማደሩን ለሐኪም መናገሩ አስፈላጊ ነው። ካላዛርን በጤና ተቋም በሚደረግ ፈጣን የደም ምርመራ መለየት ይቻላል፤ በሽታው መድኃኒት አለው። በአካባቢው ሕክምናው ከሚሰጥባቸው ቦታዎች መካከል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የመተማ ሆስፒታልና በምዕራብ አርማጭሆ የሚገኘው የአብደራፊ ጤና ጣቢያ ይጠቀሳሉ።

ደግሞ ይዩ

ወባ
ካላዛር
መተማ
ሰሊጥ
ሃሞክ